ስድስት ነጥቦችና ሰባት አናባቢዎች፦ ዐይነ ስውርነትንና በመዳሰስ ማንበብን ለሕፃናት ስለ ማስረዳት

መግቢያ

በአማርኛ ማንበብ የተማረ ሰው «ፊደል የቆጠረ» ይባላል፤ ዕውቀት ያገኘ ሰው ደግሞ «ዐይኑ የተገለጠ» ይባላል። ሁለቱ አባባሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፊደልን ከዐይን ጋር አስተሳስረው ያስቀራሉ። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አጠገቡ የተቀመጠው ዐይነ ስውር ጓደኛው በወፍራም ወረቀት ላይ ጣቶቹን እያንሸራተተ ሲያነብ ቢያይና «ሳያይ እንዴት ያነባል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ከልጅነት የመነጨ ብቻ አይደለም። ከሚናገረው ቋንቋ የወረሰው ግምትም አለበት።

ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ነው። መልሱም ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይጀምራል፤ ወይ ዐይነ ስውሩ ከሌለው ነገር፣ ወይም ከሚሠራው ነገር። የመጀመሪያው መንገድ ስለ ጨለማ ያወራል፤ ሁለተኛው ስለ ፊደል። ይህ ጽሑፍ ማየት ለሚችሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ዐይነ ስውርነት የሚሰጥ ትምህርት ከፊደሉ ቢጀምር የተሻለ ውጤት እንደሚኖረው ለማሳየት ይሞክራል። ለዚህም የብሬልን ታሪክ፣ የስድስቱን ነጥቦች አሠራር፣ የአማርኛን ፊደል በብሬል የመጻፍ ሥርዐትና የጣትን ንባብ በቅደም ተከተል ይመለከታል። በመጨረሻም መምህራን በቀላሉ በሚገኙ ነገሮች ሊጠቀሙበት የሚችሉትን የትምህርት ቅደም ተከተል ያቀርባል።

ጉዳዩ የቅደም ተከተል ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በአካቶ ትምህርት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ዐይነ ስውር ሕፃን ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ጓደኞቹ ስለ እርሱ በሚይዙት ግንዛቤ ነው። ጓደኞቹ እንደ አንባቢ ካዩት አብረውት ያጠናሉ፣ ይወዳደሩታል፣ ይጣሉታል፣ ይታረቁታል። እንደ ምስኪን ካዩት ግን ደብተሩን ይሸከሙለታል፣ በጨዋታ ሰዓት ግን ከዛፍ ሥር አስቀምጠውት ይሄዳሉ።

ዐይንን በጨርቅ መሸፈን ምን ያስተምራል?

ስለ ዐይነ ስውርነት ለሕፃናት ሲገለጽ በብዙ አገሮች የተለመደው ዘዴ የተማሪዎቹን ዐይን በጨርቅ ሸፍኖ በክፍሉ ውስጥ እንዲዘዋወሩ ማድረግ ነው። የዘዴው ዓላማ በጎ ነው፤ ሕፃኑ በጓደኛው ቦታ ራሱን አስገብቶ እንዲያስብ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያገኘው ልምድ የዐይነ ስውር ሰው ልምድ አይደለም። ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ልምምድ፣ በድንገት ማየት ያቆመ ሰው ልምድ ነው። ወንበር ይመታዋል፣ ግድግዳ ይገጨዋል፣ ይደናገጣል። ጨርቁን ሲያወልቅ የሚሰማው እፎይታ ከትምህርቱ ሁሉ በላይ አብሮት ይቆያል።

አሪየል ሲልቨርማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን ግምት በሙከራ ፈትሿል። ዐይናቸው ተሸፍኖ ልዩ ልዩ ተግባራትን የሞከሩ ተሳታፊዎች ዐይነ ስውራን ሥራ ለመሥራትና ራሳቸውን ችለው ለመኖር ያላቸውን ችሎታ ካልሸፈኑት ተሳታፊዎች ዝቅ አድርገው ገምተዋል። የጥናቱ ተሳታፊዎች ዐዋቂዎች ስለ ነበሩ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሕፃናት ማዛወር አይገባም። ቢሆንም ለመምህራን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው። የችግሩን የመጀመሪያ ቅጽበት ብቻ ያሳየ ትምህርት ችሎታውን ሳያሳይ ያልፋል።

ዐይነ ስውርነት ምንድን ነው?

ሕፃናት ዐይነ ስውርነት ማለት ምንጊዜም ፍጹም ጨለማ ይመስላቸዋል። ይህን ማረም አስፈላጊ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አይወስድም። በዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በተሻለው ዐይኑ እንኳ ሌላው ሰው በ60 ሜትር ርቀት የሚለየውን ነገር በ3 ሜትር መለየት የማይችል ሰው ዐይነ ስውር ተብሎ ይመደባል። ስለዚህ ከዐይነ ስውራን መካከል ብርሃንና ጥላን የሚለዩ፣ የሰው ቅርጽ የሚታያቸው፣ ወይም ቀለም የሚያውቁ አሉ። ምንም የማይታያቸውም አሉ።

መንስኤውም አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዐይነ ስውር፣ 3.7 ከመቶ ደግሞ ዝቅተኛ የማየት ዐቅም ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ከዐይነ ስውርነቱ መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዐይን ሞራ ሲሆን 11.5 ከመቶውን የያዘው ትራኮማ ነው። የመጀመሪያው በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ሁለተኛውን ፊትን በንጹሕ ውሃ በመታጠብ፣ አካባቢን በማጽዳትና በመድኃኒት መከላከል ይቻላል። ይህ ለሕፃናት ሁለት ነገር ያስተምራል። ዐይነ ስውርነት የርግማን ወይም የኃጢአት ውጤት ሳይሆን የታወቀ የጤና ምክንያት ያለው ነው። በሽታን መከላከልና ዐይነ ስውር ሰውን ማክበርም የማይጋጩ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ግዴታዎች ናቸው።

የአጠራር ጉዳይም በዚህ ቦታ ይነሣል። «ዕውር» የሚለው ቃል በግእዝ የቆየ ነው፤ የሰበታው «መርሐ ዕውራን» ትምህርት ቤትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በዘመናዊው አማርኛ ግን ቃሉ ለስድብ በመዋሉ «ዐይነ ስውር» ወይም «ማየት የተሳነው» የሚሉት ተመራጭ ሆነዋል። ለሕፃን ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ጓደኛውን በስሙ መጥራት ነው።

ለዐይን ከተቀረጸ ፊደል ወደ ነጥብ

የብሬል ታሪክ ለሕፃናት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ትኩረቱ በአደጋው ላይ ያርፋል። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1809 ኩቭሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ የቆዳ ባለሙያ ነበር። ሕፃኑ በሦስት ዓመቱ በአባቱ የሥራ ቦታ ቆዳ መብሻ ወስፌ ይዞ ሲጫወት አንድ ዐይኑን ወጋው፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሁለቱም ዐይኖቹ ጠፉ። ታሪኩ አሳዛኝ ነው፤ ለትምህርቱ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ብሬል በዐሥር ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1785 የመሠረተው ቫለንቲን አዊ ዐይነ ስውራን በመዳሰስ ማንበብ እንደሚችሉ በተግባር ያሳየ ሰው ነበር። ለዚህም የላቲን ፊደላትን ቅርጽ በወረቀት ላይ ከፍ አድርጎ ያትም ነበር። ዘዴው መንገድ ቢከፍትም አንድ መሠረታዊ ጉድለት ነበረበት። የፊደላቱ መስመርና ጥምዝ የተቀረጸው ዐይን በአንድ እይታ እንዲለየው ነው። ጣት ግን እያንዳንዱን ጥምዝ ተከትሎ መሄድ ስላለበት ንባቡ እጅግ አዝጋሚ ነበር። መጻሕፍቱም ትልልቅና ከባድ ነበሩ። ከሁሉም የከፋው ተማሪው በዚህ ዘዴ በራሱ እጅ መጻፍ አለመቻሉ ነው። የሌሎችን ያነባል፤ የራሱን አያሰፍርም።

ሁለተኛው ሙከራ የቻርልስ ባርቢዬ ነው። ይህ የመድፈኛ ጦር መኮንን የነበረ ሰው ድምፆችን በነጥብ የሚወክል የጽሑፍ ሥርዐት አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ነጥብ ለጣት ከመስመር ይልቅ ግልጽ መሆኑን የብሬል ትውልድ የተረዳው ከዚህ ነው። የባርቢዬ ምልክት ግን በሁለት ዐምድ የተደረደሩ እስከ 12 የሚደርሱ ነጥቦች ነበሩት። ርዝመቱ ከጣት ጫፍ ስለሚያልፍ አንባቢው አንዱን ምልክት ለመለየት ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ነበረበት። ሥርዐቱ የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍና ሥርዐተ ነጥብንም አያሳይም ነበር።

ብሬል 12ቱን ነጥቦች ወደ 6 ዝቅ አደረገ። ይህን ሲያከናውን እ.ኤ.አ. 1824 ነበር፤ ዕድሜውም 15 ዓመት። ሥርዐቱን በ1829 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1837 ደግሞ አሻሽሎ አወጣው። የለውጡ ቁም ነገር ምልክቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ በጣት ጫፍ ሥር መዋሉ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሰዎች «ዐይነ ስውር የእኛን ፊደል እንዴት ያንብብ?» ብለው ጠየቁ። ብሬል የጠየቀው «ለጣት የሚስማማው ፊደል የትኛው ነው?» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዐቱ ለዓመታት ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ከተቃውሞው ምክንያቶች አንዱም ከሚያዩት ሰዎች ፊደል ጋር አለመመሳሰሉ ነበር። በፈረንሳይ በይፋ ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1854፣ ብሬል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የስድስቱ ነጥቦች አሠራር

አንድ የብሬል ምልክት የሚያርፍበት ቦታ ሴል ይባላል። ሴሉ በሁለት ዐምድ፣ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ስድስት የነጥብ ቦታዎች አሉት። በግራው ዐምድ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኙ ዐምድ 4፣ 5፣ 6 ተብለው ይቈጠራሉ። በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የነጥቡ ከፍታም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እያንዳንዱ ቦታ ወይ ነጥብ አለው ወይ የለውም። አንድ ቦታ ቢሆን ሁለት ምርጫ ይኖራል፤ ሁለት ቦታ ሲሆን አራት፣ ሦስት ሲሆን ስምንት እያለ በእጥፍ ያድጋል፤ ስድስተኛው ላይ 64 ይደርሳል። ከእነዚህ አንዱ ምንም ነጥብ የሌለው ባዶ ሴል ስለሆነ ቃላትን ለመለየት ያገለግላል። ለምልክትነት የሚቀሩት 63 ናቸው። ከሦስተኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ይህን በራሱ ማስላት ይችላል።

በእጅ የሚጻፈው ስሌት በሚባል ባለ ቀዳዳ ማዕቀፍና ስታይለስ በሚባል ሹል መውጊያ ነው። ስታይለሱ በቅርጹ ሕፃኑን ብሬል የወጋውን ወስፌ ይመስላል። ወረቀቱ ከጀርባው ስለሚወጋ ነጥቦቹ የሚያብጡት በሌላው ገጽ ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ሲገለብጠው ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። እያንዳንዱ ምልክት በጽሕፈት ጊዜ ግራና ቀኙ የተቀያየረ ነው። ዐይነ ስውሩ ተማሪ በየቀኑ ማስታወሻ ሲይዝ ይህን የሚያደርገው የመምህሩን ንግግር እያዳመጠ መሆኑን ጓደኞቹ ሲረዱ የሚሰማቸው ስሜት ከርኅራኄ ይልቅ ለአድናቆት ይቀርባል።

ሕፃናት ከሚይዙት የተሳሳተ ግምት አንዱ ብሬል ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው የሚለው ነው። ብሬል ቋንቋ አይደለም፤ ቋንቋዎች የሚጻፉበት መንገድ ነው። የአማርኛ ብሬል አማርኛ ነው፣ የዐረብኛውም ዐረብኛ። ይህ ነጥብ በተለይ ግልጽ የሚሆነው የግእዝ ፊደል በስድስት ነጥብ እንዴት እንደሚጻፍ ሲታይ ነው።

የአማርኛ ብሬልና የፊደል ገበታ

በተለመደው ገበታ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ቅርጽ ስላላቸው መደበኛዎቹ ሆሄያት ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል። ብሬል ያለው 63 ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ሴል መስጠት በስሌት ደረጃ አይቻልም።

መፍትሔው ሆሄውን ወደ ሁለት መክፈል ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ይጻፋል። ለ33ቱ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምልክት ቢሰጥና ከሳድስ በስተቀር ለስድስቱ አናባቢዎች ስድስት ምልክት ቢጨመር እንኳ ድምሩ 39 ነው፤ ለሥርዐተ ነጥብና ለሌሎች ምልክቶች በቂ ቦታ ይተርፋል። ሳድሱ የራሱ የአናባቢ ምልክት አያስፈልገውም፤ ተነባቢው ብቻውን ሲጻፍ ሳድስ ሆኖ ይነበባል።

ምልክቶቹ በአብዛኛው ከዓለም አቀፉ የብሬል ልማድ ጋር ይስማማሉ። ነጥብ 1 እና 2 «ብ» ነው። በዚያ ላይ ነጥብ 3 ሲጨመር «ል» ይሆናል። «ም» ነጥብ 1፣ 3 እና 4 ነው። የራብዕ አናባቢ ነጥብ 1 ብቻ፣ የካዕብ ደግሞ 1፣ 3 እና 6 ነው። በዚህ መሠረት «ልብ» የሚለው ቃል በሁለት ሴል ይጻፋል፤ መጀመሪያ 1፣ 2፣ 3፤ ቀጥሎ 1፣ 2። «ላም» ሦስት ሴል ይወስዳል፤ የ«ል» ምልክት፣ የራብዕ ምልክት፣ የ«ም» ምልክት። «ሙሉ» በቀለም ጽሑፍ ሁለት ሆሄ ሲሆን በብሬል አራት ሴል ነው። «ሰላም» ከሦስት ሆሄ ወደ አምስት ሴል ያድጋል።

ከዚህ ሥርዐት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፤ ሁለቱም ለመምህራን ጠቃሚ ናቸው። የመጀመሪያው ዐይነ ስውሩ ተማሪ የሚሸመድዳቸው ምልክቶች ከሚያየው ተማሪ ያነሱ መሆናቸው ነው። የሚያየው ተማሪ የሳድስን ቅርጽ ለየብቻው ማጥናት አለበት፤ «ል»፣ «ብ»፣ «ር»፣ «ት» ሳድስነታቸውን የሚያሳዩት በተለያየ መንገድ ነውና። በብሬል እንዲህ ያለ መዛባት የለም። ማንኛውም ተነባቢ ብቻውን ከቆመ ሳድስ ነው፤ ነጥብ 1 ከተከተለው ራብዕ ነው። በአንጻሩ ጽሑፉ ይረዝማል። ያው አንድ ገጽ በብሬል ብዙ ገጽ ይሆናል፤ አንድ የመማሪያ መጽሐፍም በበርካታ ጥራዞች ይከፈላል።

ሁለተኛው የቀላልና የከባድ ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው። በፊደል ገበታ ላይ መነሻው ግእዝ ነው። «ለ» ያለ ቅጥያ ይቆማል፤ ሌሎቹ እግር፣ ክንድ ወይም ቀለበት እየጨመሩ ከእርሱ ይወጣሉ። ተማሪው በስንደዶ እየጠቈመ «ለ ግእዝ፣ ሉ ካዕብ፣ ሊ ሣልስ» ሲል ዐይኑም ከቀላሉ ቅርጽ ወደ ተቀጠለበት ይሄዳል። በብሬል ግን ያለ ቅጥያ የሚቆመው ስድስተኛው «ል» ነው፤ «ለ» ሁለት ሴል ይፈልጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያሉ አብረው ሲያዜሙ ጆሯቸው አንድ ዐይነት ትምህርት ይሰማል። የአንዱ ዐይንና የሌላው ጣት የሚያገኙት ግን የተለያየ ቅደም ተከተል ነው። መምህሩ ይህን ካላወቀ ዐይነ ስውሩ ልጅ በመጀመሪያው ሆሄ ላይ ሲዘገይ የአእምሮ ዝግመት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከሳድስ ጀምሮ ቢያስተምረው ግን ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ «ልብ» ያሉ ቃላትን ያነባል።

የሚያዩት ተማሪዎችም ከዚህ ያተርፋሉ። «ላ» ውስጥ «ል» እና አንድ አናባቢ መኖራቸውን የቀለሙ ጽሑፍ ይደብቀዋል፤ ብሬል ይገልጠዋል። ስለ ተነባቢና አናባቢ በሰዋስው ክፍል በቃል የሚነገራቸውን በጣታቸው ሊቈጥሩት ይችላሉ።

ጣት እንዴት ያነባል?

የሚያነበው ብዙውን ጊዜ የአመልካች ጣት ጫፍ ነው። ጣቱ ነጥቦቹን አይጫንም፤ በስሱ እየነካ ከግራ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። እንቅስቃሴው የንባቡ ዋና አካል ነው። በቆዳ ውስጥ ያሉት የስሜት ሕዋሳት ለለውጥ ንቁ ስለሆኑ ዝም ብሎ ያረፈ ጣት የሚያገኘው መረጃ ጥቂት ነው። የለመዱ አንባቢዎች ሁለቱን እጆች ያስተባብራሉ፤ ቀኙ መስመሩን ሲጨርስ ግራው የቀጣዩን መስመር መነሻ ፈልጎ ይጠብቃል።

ዐይነ ስውራን ሲፈጠሩ ልዩ ጣት ተሰጥቷቸዋል የሚለው እምነት ለሕፃናት መነገር የለበትም። ችሎታው እንደ ማንኛውም ንባብ በልምምድ ይገኛል። ልምምዱ ግን አንጎልን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኖሪሂሮ ሳዳቶና ባልደረቦቹ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ በሚያዩ ሰዎች ዘንድ ለእይታ የሚያገለግለው የኋለኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ አሳይተዋል። በ2000 ደግሞ ከውልደቷ ጀምሮ ዐይነ ስውር የነበረች አንዲት የብሬል አንባቢ ያው ክፍል በደም ዝውውር መቋረጥ ሲጎዳባት ነጥቦቹ መኖራቸው እየተሰማት ማንበብ እንደተሳናት በሳይንሳዊ መጽሔት ተዘግቧል። ማንበብ ማለት ነጥቡን ከመንካት ያለፈ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ዐይንም ሆነ ጣት መልእክተኞች ናቸው፤ አንባቢው አእምሮ ነው።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

ከላይ የቀረቡትን ሐሳቦች በአንድ ወይም በሁለት ክፍለ ጊዜ ለማስተማር የሚከተሉት አራት ደረጃዎች በቂ ናቸው። ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

በመጀመሪያው ደረጃ ተማሪዎቹ እንደ ገበጣ ስድስት ጉድጓዶችን መሬት ላይ በሁለት ዐምድ ይቆፍራሉ፤ ወይም የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ቆርጠው ስድስት ጎድጓዳ ቦታ ያዘጋጃሉ። ጠጠር ወይም ባቄላ እያስቀመጡ «ብ»ን ይሠራሉ፤ አንድ ጠጠር ጨምረው ወደ «ል» ይለውጡታል። ቀጥሎ «ልብ» እና «ላም» የሚሉትን ቃላት ይጽፋሉ። በዚህ ደረጃ ስለ ዐይነ ስውርነት ምንም አለመነገሩ አስፈላጊ ነው። ተማሪው አዲስ ፊደል እየተማረ ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ጣት ይፈተሻል። ተማሪው ጣቱን በሰፌድ ስፌት ላይ ሳያንቀሳቅስ ያሳርፋል፤ ከዚያ በስሱ ያንሸራትተዋል። ልዩነቱን በራሱ ቃል ይገልጻል። ጣት የሚያነበው ሲንቀሳቀስ መሆኑን ከመምህሩ ሳይሰማ ይደርስበታል።

በሦስተኛው ደረጃ ተማሪው በወፍራም ወረቀት ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ከጀርባ እየተጫነ «ልብ» የሚለውን ቃል ይጽፋል። ከቀኝ ወደ ግራ ካልጻፈ ቃሉ ሲገለበጥ «ልብ» ሆኖ አይነበብም። አብዛኛው ተማሪ በመጀመሪያው ሙከራ ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ራሱ ትምህርት ነው።

በአራተኛው ደረጃ ብቻ ወደ አንባቢው ይመጣል። ዐይነ ስውር ተማሪ ወይም መምህር በክፍሉ ካለና ፈቃደኛ ከሆነ ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ያነብላቸዋል፤ ከዚያም ጥያቄ ይቀበላል። ልጆች የሚጠይቁት አይታወቅም። «ሕልም ታያለህ?» ሊሉ ይችላሉ። ከውልደታቸው ጀምሮ የማያዩ ሰዎች ሕልማቸው በአብዛኛው በድምፅ፣ በመዳሰስና በሽታ የተሞላ ነው፤ በኋላ ያጡት ግን ምስልም ያዩበታል። ጥያቄው በክብር እስከ ተጠየቀ ድረስ መከልከል የለበትም። ሲገናኙ ስምን ተናግሮ ሰላምታ መስጠት፣ ሳይጠየቁ እጅን ይዞ አለመጎተትና መንገድ ሲመሩ ክንድን አቅርቦ ማስያዝ እንደሚገባም በዚሁ አጋጣሚ ይማራሉ። በክፍሉ አንባቢ ከሌለ ስለ ታወቁ ሰዎች መናገር ይቻላል። በአምስት ዓመቷ ማየት ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘቷ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው።

ትምህርቱ የማይፈታቸው ችግሮች

የሚያዩ ሕፃናትን ማስተማር ብቻውን የዐይነ ስውሩን ተማሪ ችግር አይፈታም። ብሬል የሚያነብ መምህር በሌለበት ክፍል ተማሪው የጻፈው መልስ በሌላ ሰው ተነቦ ወይም ተገልብጦ ካልቀረበ አይታረምም። በሥራው ላይ ያለው የፊደል ግድፈት አይነገረውም፤ የጽሑፉ ውበትም አይወደስለትም። የመማሪያ መጻሕፍት እጥረትም አለ። የታተሙ ሥራዎችን ዐይነ ስውራን በሚያነቡት መልክ ለማባዛት የሚያስችለው የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቅላዋለች። ስምምነቱ የሕግ መሰናክልን ያነሣል፤ ወረቀት፣ ማተሚያና ባለሙያ ማቅረብ ግን የየአገሩ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ዐይነ ስውራን ሁሉ ብሬል እንደማያነቡም መታወቅ አለበት። በጎልማሳነታቸው ማየት ያጡ ሰዎች መማሩ ይከብዳቸዋል፤ በስኳር በሽታ ምክንያት የጣታቸው ስሜት የደከመም አሉ። ድምፅን በሚያነቡ ስልኮችና በተቀረጹ መጻሕፍት የሚጠቀሙት ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥም ዜማንና ቅኔን በቃል የሚማሩና የሚያስተምሩ ዐይነ ስውራን መኖራቸው ዕውቀት በጆሮም እንደሚገባ የቆየ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ የቃሉን አጻጻፍ አያሳይም። በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ «ልብ» በስንት ፊደል እንደሚጻፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ የት ላይ በአራት ነጥብ እንደሚዘጋ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው። ማንበብና መጻፍን በሙሉ ትርጉማቸው ለዐይነ ስውር ሕፃን የሚሰጠው አሁንም ብሬል ነው።

ማጠቃለያ

ከብሬል በፊት የነበሩት ሙከራዎች የተሰናከሉት መነሻቸው የሚያየው ሰው ልምድ ስለ ነበር ነው። የዐይንን ፊደል ለጣት ሰጡ፤ ጣትም ተቸገረ። ዛሬ ለሕፃናት በሚሰጠው ትምህርት ዐይንን በጨርቅ ሸፍኖ መጀመርም ከዚያ ስሕተት ጋር ይመሳሰላል፤ የሚያየው ልጅ የሚሰማውን ፍርሃት የዐይነ ስውሩ ልጅ ኑሮ አድርጎ ያቀርባልና። ከስድስቱ ነጥቦች የሚጀምር ትምህርት ግን ሁለቱን ልጆች በአንድ ጉዳይ ላይ ያገናኛቸዋል። ሁለቱም ሆሄ ይለያሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያርማሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ዐይነ ስውሩ ልጅ ከጓደኞቹ ቀድሞ ስለሚገኝ ሊያስተምራቸውም ይችላል።

ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ቢያንስ የብሬልን የተነባቢና የአናባቢ ሥርዐት የሚያስተዋውቅ አጭር ትምህርት ቢሰጥ፣ የፊደል ገበታ በሚሰቀልበት የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ሁሉ የብሬል ገበታ አብሮ ቢሰቀል፣ ዐይነ ስውራን ተማሪዎችም በሳድስ ጀምረው ፊደል እንዲማሩ ቢደረግ ጥቅሙ ከወጪው ይበልጣል። እንዲህ ባለ ክፍል ያደገ ልጅ «ፊደል ቆጠረ» የሚለውን አባባል ሲሰማ በጣቱ የሚቈጥረው ጓደኛውም ትዝ ይለዋል።